ከጣና ዳር እስከ ጉና ራስ፦ አንጎል ደጋ ሲወጣ

ጥር 14፣ ባሕር ዳር

ነገ ለሠርግ ወደ ጉና ተራራ ሥር እንሄዳለን። የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ሊያገባ ነው። የምንሄደው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። እናታችን ጉልበቷን ስላመማት ቀርታለች። ቡናውን፣ ስኳሩን፣ ለሙሽራዋ የገዛችውን ሻሽ ግን አንድ ሳይቀር አሸክማናለች።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወረድን። ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ነው፣ በየቀኑ እዚህ ይሮጣል። እኔ ነርስ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ጣት ላይ የምትሰካ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ አለች፤ ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ አብራኝ ነው የምትዞረው። ሮጦ ሲመጣ ትንሽ አሳረፍኩትና ለካሁት። 96 በመቶ፣ የልብ ምት 58። የእኔ 95፣ ምቴ 74። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አጠገባችን አንድ ሰውዬ ከደንገል ታንኳው ላይ እንጨት እያወረደ ነበር፤ እጁ ሳይቆም በዓይኑ ይከታተለን ነበር።

ለምን እንደምለካ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው አክስቴ ቤት ሄጄ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ይዤ ተኛሁ። «የከተማ ልጅ፣ ብርድ አይችልም» ተባልኩ፣ እኔም አመንኩ። ስመለስ ግን ነገሩ ስላላስቻለኝ ማንበብ ጀመርኩ። ብርዱ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚበላው ኦክስጅን ግን ከጠቅላላው 20 በመቶ ያህል ነው። ጎተራ የለውም። ጡንቻ ትንሽ ኦክስጅን ያጠራቅማል፣ ጉበት ስኳር ያጠራቅማል፣ አንጎል ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። በየደቂቃው ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ደም ካልደረሰው አይሆንለትም። ደሙ የሚወጣለት በአራት ቧንቧ ነው፦ ሁለቱ በአንገታችን ፊት ለፊት ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከኋላ በአከርካሪው አጥንት ውስጥ። እነዚህ ከአንጎል ሥር ተገናኝተው እንደ ቀለበት ይያያዛሉ። ቀለበቱ የሚጠራው በ1664 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በገለጸው በእንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ስም ነው።

ባሕር ዳርም ሜዳ ትመስለናለች እንጂ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ብትሄዱ 21 በመቶ ገደማ ነው፣ አይለወጥም። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ከሚገኘው አራት አምስተኛ ያህል ነው። እኛ ግን እዚሁ ተወልደን ስላደግን ምንም አይታወቀንም።

ጥር 15፣ ደብረ ታቦር

ከመናኸሪያ በሚኒባስ ወጣን። ሐሙሲትን አልፈን የጉማራ ድልድይ ላይ ስንደርስ ወንድሜን ቀሰቀስኩት። «ይሄ ውሃ ከጉና ነው የሚመጣው፤ ነገ ወደ ምንጩ ነው የምንሄደው» አልኩት። ጉማራም ርብም ከጉና ነው የሚነሱት፣ ሁለቱም መጨረሻቸው ጣና ነው። ክረምት ላይ ሞልተው ፎገራን ያጥለቀልቁታል፣ ያ ውሃ ነው ወረታን የሩዝ አገር ያደረጋት። አሁን ሜዳው ደርቆ የታጨደው ሩዝ አገዳ ብቻ ቆሞበታል።

ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዳገቱን ስንያያዝ ጆሯችን ጓ፣ ጓ ማለት ጀመረ። ማታ ደብረ ታቦር ገብተን ለካሁ። 2,700 ሜትር ገደማ ነው። እሱ 93፣ እኔ 92። ሁለታችንም ደህና ነን። እዚህ አንድ ቀን ማደር ሳይሆን ሁለት ቀን ብናድር ደስ ባለኝ፤ ሰውነት በደረጃ ሲወጣ ነው የሚለምደው። ግን ሠርግ አይጠብቅም፣ አክስቴም በስልክ «ዛሬ ነው ነገ?» እያሉ ሦስቴ ደውለዋል።

ጥር 16፣ አክስቴ ቤት

እስከ ክምር ድንጋይ በመኪና፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። ዕቃውን በቅሎ ተሸከመችልን። ስልኬ 3,180 ሜትር ይላል። አክስቴ ከሩቅ አይተውን ቁልቁል ሮጠው መጡ። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሮጠው መጥተው፣ አገላብጠው ስመውን፣ የሦስት ዓመት ወቀሳ ሳይቋረጥ አወረዱብኝ፣ ትንፋሻቸው ንቅንቅ አላለም። እኔ «እንዴት ነዎት» ለማለት እንኳ ሁለቴ ቆም ብዬ መተንፈስ ነበረብኝ።

ለካሁ። እኔ 88፣ ወንድሜ 89።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ ማታ ምድጃው ዳር ሆኜ በራሴ ላይ አየሁት። አንጎል ኦክስጅን ሲያጥረው የደም ሥሮቹን ያሰፋል። ኦክስጅኑ ቢያንስም ብዙ ደም ከመጣ ጠቅላላው ይሞላለታል፤ ውሃ ሲቀጥን ቦዩን ማስፋት ማለት ነው። ይሄ ማስፋት የሚጀምረው ግን ወዲያው አይደለም፣ የደም ኦክስጅን በደንብ ሲወርድ ነው፤ በእኔ መለኪያ 90 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ ስለዚህ ሥራ የለበትም። እዚህ አለበት።

ግን ሌላ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ይጎትታል። ኦክስጅን ሲያንስ ሳናውቀው ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዳችን ተጠርጎ ይወጣል። የአንጎል የደም ሥር ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስበት ይጠባል። ልኩም ቀላል አይደለም፦ በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በአንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አንዱ «ስፋ» ይላል፣ ሌላው «ጥበብ» ይላል። ገመድ ጉተታ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ወጥቶ ሲጨፍር ሌላው ራሱን የሚይዝበት አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

የሁለተኛውን ኃይል ማየት ከፈለጋችሁ የኩበት እሳት እፍ በሉ። አክስቴ እሳቱን እንዳቀጣጥል አዘዙኝ፣ አሥር ጊዜ ያህል በኃይል እፍ፣ እፍ አልኩ። ጭው አለብኝ። ግድግዳው ዞረ። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃት ያቺ ጭውታ የአንጎል ደም ለጥቂት ሴኮንድ ሲያንስ የሚመጣ ነው። አክስቴ ቦታዬን ወሰዱና ራሳቸው እፍ አሉት።

ቡናው ቶሎ ፈላ። እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፣ ባቄላውና አተሩ ግን ለመብሰል ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሌሊት ራሴን አመመኝ፣ ግንባሬ አካባቢ፣ የልብ ምቴን እየተከተለ ድው፣ ድው ይላል። ባና ደራርበው ቢያለብሱኝም እንቅልፍ እየቆራረጠ ነው የሚመጣው። ወንድሜ ተኝቶ ሳየው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይፈጥናል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ሴኮንድ። ከዚያ በረጅሙ ስቦ እንደገና ይጀምራል። በከፍታ ላይ የተለመደ ነገር መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ቤቱን በጩኸት አነሳው ነበር።

ጥር 17፣ ሠርጉ

ዳሱ ሞልቷል። እልልታው፣ የገብሱ ጠላ፣ ዶሮው። ስለ ሠርጉ ብዙ አልጽፍም፣ ፎቶው አለ። መለኪያዬ ግን ዛሬ ከሙሽራው ባልተናነሰ ተከበበች።

በአክስቴ ነው የጀመርኩት። እህል ሲያጥቡ ቆይተው ነው የመጡት። 84 አለች። ደነገጥኩ። ከዚያ ጣታቸውን ያዝኩት፣ በረዶ ሆኗል። በብርድ ደም የሸሸበት ጣት ላይ ይቺ መሣሪያ ትዋሻለች። በሁለት እጄ ይዤ አሸሁት፣ ብብታቸው ሥር አስገቡት፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ሰካሁ። 91፣ 93፣ 95። እዚያ ላይ ቆመች። የእኔ በዚያች ሰዓት 89 ነው። እኔ በዕድሜ በግማሽ አንሳለሁ።

ከዚያ ተሰለፉ። አርሶ አደሩ፣ ሚዜው፣ የሰፈሩ ቄስ። 94፣ 95፣ 93፣ 96። የሙሽራዋ ጣት ላይ እንሶስላ ስለነበረ ተውኩት፣ ቀለም ያለበት ጣት የሚሰጠውን ቁጥር አላምነውም።

ይሄ የእኔ መለኪያ ብቻ የሚለው አይደለም። በ2002 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል የሚመራ ቡድን ሰሜን ተራራ ውስጥ አምባራስ በምትባል መንደር፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ አሳትሟል። አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ ነበር። ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለት ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ደግሞ በዴሲ ሊትር የወንዶቹ 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0፤ ቆላ ካለ ሰው ብዙም አይለይም። ይሄ ለምን ያስደንቃል? የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፣ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤት ሰዎች ደማቸው አይወፍርም፣ ኦክስጅናቸው ግን ዝቅ ያለ ነው። የእኛዎቹ ከሁለቱም አልሆኑም። ሦስት ሕዝብ፣ አንድ ችግር፣ ሦስት መላ።

ወደ አንጎሉ ስንመጣም ልዩነት አለ። በአንዲስ ደገኞች ዘንድ የአንጎል የደም ሥር ለኦክስጅን ማነስና ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነሱ መካከልም ደማቸው ከልክ በላይ ወፍሮ ራስ ምታትና ድካም የማይለቃቸው አሉ፤ በሽታው በፔሩው ሐኪም በካርሎስ ሞንጌ ስም ይጠራል። በ2008 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ የሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን እዚያው አገራቸው ላይ ተለኩ፣ ከዚያ ወደ ቆላ ወርደው 24 ሰዓት ካደሩ በኋላ እንደገና ተለኩ። የአንጎላቸው የደም ሥር ምላሽ ከፔሩዎቹ የተለየ ነው። ይህን ለአክስቴ በቀላሉ ልነግራቸው ሞከርኩ። «ታዲያ እኛን ማን ጠይቆን ያውቃል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያ ሁሉ ሲጻፍ በአማርኛ ለደገኛው የደረሰው ነገር ትንሽ ነው።

ወንድሜ አረቄ ጠጣ። ነገርኩት። «ሠርግ ነው እኮ!» አለኝ። መጠጥ ሌሊት ትንፋሽን ያዳክማል፣ በከፍታ ላይ ደግሞ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። ነገ ከወጣቶቹ ጋር ጉና ራስ ሊወጣ ቃል ገብቷል። ብቻውን አልለቀውም።

ጥር 18፣ ጉና

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጣን። መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። የገብሱ ማሳ አለቀ፣ አስታው መጣ፣ ከዚያ ጓሳ ብቻ ሆነ። በመካከሉ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሟል። ጅብራን ከቅርብ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ቅጠሎቹ ሥር ሥራቸው ላይ ውሃ ይዘዋል፣ ጠዋት ላይ ላዩ ስስ በረዶ ሆኖ ጣት ሲነካው ክሽ ይላል፣ ከሥሩ ግን ውሃው አልረጋም። እዚያ ቆሜ ብዙ አየሁት፤ ለመተንፈሻም ሆነኝ።

የሠፈሩ ልጆች እየዘፈኑ ይወጣሉ። ወንድሜ መጀመሪያ ፊት ፊት ነበር። ከዚያ መሀል ሆነ። ከዚያ ከእኔ ኋላ። ጉልበት ያለው ሰው በከፍታ የበለጠ ይጎዳል እያልኩ አይደለም፤ ችግሩ ጉልበት ያለው ሰው ፈጥኖ መውጣት መቻሉ ነው። እግሩ ይደርሳል፣ አንጎሉ ገና አልደረሰም።

ከ4,100 ሜትር በላይ ነን። ከፊታችን ገደሉና ጅረቶቹ፣ በስተምዕራብ ጣና ባለበት አቅጣጫ ነጭ ጭጋግ። ለካሁ። እኔ 83። ወንድሜ 78፣ የልብ ምት 124። ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ባልደነገጥኩ። ግን ዝም ብሏል። ቆሎ ስሰጠው አልፈልግም አለ። ራሱን ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ያዘ። ከዚያ ዞር ብሎ አስታወከ። ከልጆቹ አንዱ «ምች መትቶታል፣ ዳማከሴ ይፈለግ» አለ። እዚያ ላይ ዳማከሴ ከየት ይመጣል።

በበትር መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። «የአንዱን እግርህን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠምክ በዚህ ላይ ሂድ» አልኩት። አምስት እርምጃ ሄደ። ስድስተኛው ላይ ወደ ግራ ተንገዳገደ። ደግሞ ሞከረ፣ ሦስተኛው ላይ እጁን ዘርግቶ እኔን ያዘ። ኳስ በአንድ እግሩ መቶ ጊዜ የሚያንቀረቅብ ልጅ ነው።

ራስ ምታትና ማስታወክ የተለመደው የከፍታ ሕመም ነው፣ በአብዛኛው በእረፍት ይለቃል። ሚዛን መሳት፣ ንግግር መንተባተብ፣ ግራ መጋባት ግን ሌላ ነው። የራስ ቅል ዝግ ሣጥን ነው፣ አይለጠጥም። ደሙ በዝቶ መጥቶ፣ የጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ፈሳሽ ማሳለፍ ከጀመረ አንጎል ያብጣል፣ የሚያብጥበት ቦታ ደግሞ የለም። ይገድላል። ኦክስጅንና ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት ይረዳሉ፤ የማይተካው ግን አንድ ነው፣ መውረድ። ሳያመነቱ፣ ሳያድሩ፣ «ትንሽ አርፌ» ሳይሉ።

ወንድሜ «ትንሽ አርፌ» አለ። ጮህኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም። ሁለቱ ልጆች ግራና ቀኝ ደገፉት፣ እኔ ከኋላ ጃኬቱን ይዤ ወረድን። 3,500 አካባቢ ስንደርስ ውሃ ጠየቀ። አስታው ውስጥ ስንገባ «ጫማዬን ጠጠር ገብቶበታል» አለ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስሰማ አለቀስኩ። ወጣቶቹ የደከመኝ መስሏቸው ውሃውን ለእኔ ሰጡኝ።

አክስቴ ቤት ስንደርስ መስመር ላይ ደግሜ አስኬድኩት። ቀጥ ብሎ ሄደ። ባይሄድ በዚያው ሌሊት በቅሎ ላይ ጭኜ ክምር ድንጋይ አወርደው ነበር።

ጥር 19፣ አክስቴ ቤት፣ እረፍት

እሱ ቀኑን ሙሉ ተኛ። 90። የእኔ ራስ ምታት ግን ዛሬ ጠዋት የለም። ሦስተኛ ሌሊቴ ነው። 91 ነኝ።

ምን ተለወጠ? ይሄን ቀድሞ የለኩት ሰዎች አሉ። ጆን ሴቨሪንግሃውስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ዋይት ማውንቴን ላይ፣ 3,810 ሜትር፣ የሰዎችን የአንጎል ደም ፍሰት ለካ፤ በ1966 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ታተመ። ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ፍሰቱ በአማካይ 24 በመቶ ጨምሮ ነበር። ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ጭማሪው ወደ 13 በመቶ ወረደ። ከባልደረቦቹ አንዱ ቶም ሆርንባይን ነበር፤ በ1963 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኤቨረስትን በምዕራባዊው ሸንተረር የወጣው ያው ሰመመን ሰጪ ሐኪም።

ደሙ የሚቀንሰው አንጎል ስለተወው አይደለም፣ ሌሎቹ ስለደረሱለት ነው። ሳንባ ትንፋሹን እያጠለቀ ይሄዳል። በፈጣን ትንፋሽ የተዛባውን የደም አሲድ ኩላሊት ባይካርቦኔትን፣ ማለት አሲድን የሚያረክሰውን ጨው፣ በሽንት እያስወጣ ያስተካክላል። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ሌሊት ሁለት ሦስቴ የምወጣው ለዚህ ነው፤ ከውሃው ጋር የደሙም ፈሳሽ ስለሚቀንስ በቀሪው ደም ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ ከፍ ይላል፣ እያንዳንዱ ጠብታ የሚሸከመው ኦክስጅን ይጨምራል። አዲስ ቀይ ሴል በብዛት ለማምረት ግን ሳምንታት ይፈጃል። እንደዚያ እየሆነ ፍሰቱ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ሳምንት ወደ ቀድሞው ይጠጋል። ሦስት ሳምንት ያህል በሳሳ አየር የቆዩ አይጦች አንጎል ውስጥ ደግሞ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች በቅለው ተገኝተዋል። ሐኪም የሚያዘው አሴታዞላማይድ የሚባለው ኪኒንም የሚያደርገው የኩላሊትን ሥራ ማፍጠን ነው፤ ከመውጣት በፊት ነው የሚጀመረው፣ እኔ ግን ለእሱ አላሰብኩለትም ነበር። ይሄ ይቆጨኛል።

አክስቴ በሶ በጥብጠው ሰጡት። ጠጣው። አላስመለሰም።

ጥር 20፣ ባሕር ዳር

አክስቴ አብረውን ወረዱ። ዓይናቸውን ጋርዷቸዋል፣ ይታከማሉ። የነገዋን አስተርዮ ማርያምንም እዚህ ሊያነግሡ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ወረታ ላይ ነጠላውን፣ ሐሙሲት ላይ «እናንተ ልጆች፣ ይሄን ሙቀት እንዴት ቻላችሁት?» ማለት ጀመሩ። ጉማራ ድልድይ ላይ ቀሰቀስኳቸው። በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ይሄ የእኛው ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው።

ማታ ሦስታችንም ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ወንድሜ 96። ነገ መሮጥ ፈልጓል፣ ለሁለት ቀን ከልክዬዋለሁ። እኔ 96፣ ስወጣ ከነበረው በአንድ በልጫለሁ። አክስቴ ጣታቸውን ራሳቸው ዘረጉልኝ፤ አሁን ሞቃት ነው፣ ማሸት አላስፈለገም። 98። ራሳቸውን እንደከበዳቸው፣ ጆሯቸውም ጭው እንዳለባቸው ነገሩኝ። ከሙቀቱ ይሁን ከመውረዱ ለጊዜው አልለየሁትም። ከደብተሬ የመጨረሻ መስመር ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ከምሽቱ 12፡40።

ነገ ከማርያም ስንመለስ ደግሜ እለካቸዋለሁ። 24 ሰዓት ይሞላቸዋል።